ከወለደች በኋላ ይነገራታል

ዋለልኝ ከታች ሲመለስ የተሸከመውን ሩዝ እንኳ ሳያወርድ እታገኝን በዓይኑ ጠቀሳትና ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ተከተለችው። ገና ፊቱን ስታይ ክፉ ነገር እንደመጣ ገምታለች። እታገኝ ድሮም እንዲህ ናት፤ ስልክ ባልታሰበ ሰዓት ከጮኸ ሰው ሞቷል፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል፣ ኢሌቬተሩ ከተንገጫገጨ ገመዱ ሊበጠስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትሳሳታለች፤ ሰውም ይስቅባታል። የዚያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

«ሃብታሙን አየሁት» አላት በሩን ገፋ አድርጎ ዘግቶ።

«ሞቶ?»

«ቆሞ።»

የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ የበረዶ ወራት ቆሞ መታየት ከመሞት የባሰ እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

«እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?»

«እዚሁ እኛ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ነው። ያን ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያውን ለብሷል። መኪናውን በሥርዓት አቁሞ ነው የወረደው እትዬ። እቤቱ ደርሶ ነበር ማለት ነው።» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ፊቱ ግማሹ የለም።»

ከግድግዳው ማዶ የኤልፍነሽ ሳቅ ይሰማ ነበር። ቲጂ፣ የእታገኝ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ጆሮዋን ሆዷ ላይ ለጥፋ ፅንሱ ሲራገጥ እያዳመጠች ነው። ኤልፍነሽ የሃብታሙ ሚስት ናት። በስፖንሰር ከመጣች ዓመት ያልሞላት ሲሆን ቶሮንቶን ከቶርንክሊፍ ፓርክ አውቶቡስና ከዳንፎርዝ የሐበሻ ሱቅ አሳልፋ አታውቃትም። ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል።

ነገሩ የጀመረው በ2013 የፈረንጆች ገና ሊገባ ሲል፣ የበረዶ ዝናብ ከተማዋን እንደ መስታወት ሸፍኖ መብራት ባጠፋበት ሰሞን ነው። አምቡላንስ ሲያለቅስ ሲውል ሰው ሁሉ አዳልጦት የወደቀ በዝቶ ነው ብሎ ነበር። ሃብታሙ ኤርፖርት አጠገብ ወዳለው መጋዘን ለሌሊት ሥራ እንደወጣ አልተመለሰም። ስልክ ሲሞት፣ ሬዲዮ ሲዘጋ፣ ጎረቤቱ በየመኪናው ሲበተን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። እታገኝ ከልጇ ጋር፣ ከፊት ለፊቷ ቤት ያመጣቻት ኤልፍነሽ፣ የኮሌጅ ተማሪው ዋለልኝ፣ እንዲሁም ሽማግሌው ጋሽ ወልደገብርኤል። የደረጃዎቹን በሮች በሶፋና በፍሪጅ ዘግተው፣ ፍራሽ ባልኮኒው በር ላይ ደግፈው፣ በእታገኝ ሳሎን ተቃቅፈው ይተኙ ጀመር። ውሃው ከባልኮኒ የሚዛቅ በረዶ ነው። ሞተው ተነስተው ታች መንገዱ ላይ የሚዞሩትን፣ የነከሱትንም ሰው እንደ ራሳቸው የሚያደርጉትን ቲጂ ዞምቢ ትላቸዋለች፤ ጋሽ ወልደገብርኤል ግን ስም መስጠቱ ስለሚቀፋቸው «እነዚያ» ይሏቸዋል።

ዋለልኝ ጋሽ ወልደገብርኤልንም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጠራቸው። ብርዱ የእግር ጣቶቻቸውን ስላጠቆራቸው ግድግዳ እየያዙ መጡ። ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«እንንገራት» አለች እታገኝ። «ዛሬውኑ። ነገ የባሰ ነው የሚመጣው።»

«ማን ነው የሚነግራት? አንቺ?» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «እዚህ አገር ከሱዳን ከገባሁ ጀምሮ የእድሩን መርዶ የተናገርኩ እኔ ነኝ። መርዶ እንዲህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይወሰንም። ጠዋት ነው። መኪና ራቅ ተደርጎ ይቆማል፣ ጥቁሩ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ይደበቃል፣ በግራና በቀኝ የሚይዟት ሴቶች አስቀድመው ይቀመጣሉ። ደግሞስ ለነፍሰ ጡር መርዶ ተነግሮ ያውቃል? ሽሉ ቢወርድ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ታዲያ ቢያንስ ታሟል እንበላት፤ ቀስ በቀስ…»

«ታሟል ስትያት ልሂድ ትላለች። በዚህ በረዶ የት ትሄዳለች? ደህና ነው እንበላት። ከወለደች በኋላ ይነገራታል።»

እታገኝ ተሸነፈች። በሕይወቷ ሁሉ ክፉ ክፉውን ስትጠብቅ ኖራ፣ ክፉው መጥቶ በር ላይ ሲቆም ዝም በይ ተባለች። ዝም አለች።

ዋለልኝም ወደ ሳሎን ገብቶ ሩዙን አወረደና፣ ጣራ ላይ ኔትወርክ እንዳገኘ፣ ከሃብታሙ ጋር እንደተነጋገረ፣ መጋዘኑ ውስጥ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በር ዘግቶ በሰላም እንደተቀመጠ ለኤልፍነሽ ነገራት። ኤልፍነሽ ጮክ ብላ እንዳታለቅስ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«እኔም ልውጣና ላናግረው» አለች።

«በዚህ ሆድሽ? ጣራው እኮ በረዶ ነው፤ ያዳልጣል» አላት። «በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ ብሏል።»

ያቺን የመጨረሻዋን ቃል እንዲናገር ማንም አላዘዘውም ነበር። ከአፉ አመለጠች፤ ከወጣች በኋላ ግን መመለሻ አልነበራትም።

ስለ መጠበቁ ዋለልኝ የራሱ ስሌት ነበረው። «እነዚያ አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ቁስላቸው አይድንም» ይላል። «ሥጋ ናቸው። ሥጋ ደግሞ ይበሰብሳል። መዋጋት የለ፣ መሸሽ የለ፤ ከእኛ የሚጠበቀው መቀመጥ ብቻ ነው። ሲምፕል።»

«በዚህ ብርድ ምኑ ይበሰብሳል?» ትለዋለች እታገኝ። «ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥነው ሥጋ ስንት ወር ነው የሚቆየው? ከዓመት ዓመት እንዲቆዩልን ነው የሚቀዘቅዙት።»

«ቀዝቅዞ የቀለጠ ቲማቲም አይተሽ አታውቂም? እንደሱ ነው የሚሆኑት። ሚያዝያ ሳያልቅ ውሃ ናቸው።»

«አንተ የሬሳ ሊቅ! ምግብ ልንበላ ስንል ነው ወሬህ።»

«ኢው፣ ማሚ!» ትላለች ቲጂ፤ ኤልፍነሽም ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

በረዶው ሲከመር የሃብታሙ መልእክትም ይመጣ ነበር። ዋለልኝ በየሳምንቱ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ አፍንጫው ቀልቶ ይወርዳል። ትብላ ያለው፣ ትጠጣ ያለው፣ ከባድ ነገር አታንሳ ያለው ሁሉ ይነገራታል። መልእክት በመጣ ቀን ኤልፍነሽ ሩዟን ትጨርሳለች፤ ካልመጣ ታተርፋለች። ይህን ያስተዋለች እታገኝም አንድ ቀን ዋለልኝ ሳይወጣ ቀርቶ፣ «ለካ ረስቼው፣ ካልሲ ደርባ ታድርግ ብሎሻል» አለቻት። ኤልፍነሽ ወዲያው ካልሲ ደረበች። ፊቷ በራ። ያን ፊት ማየት ደግሞ እንደ ሱስ የሚይዝ ነገር ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ላይ ኤልፍነሽ እታገኝን አንቱ ትላት ነበር። «ተይ እንጂ፣ ገና ሳላረጅ አታስረጂኝ» ብላ ያስተወቻት እሷው ናት። አብረው በአንድ ብርድ ልብስ ከተኙ ወዲህ የእናትና የልጅ ያህል ሆነዋል።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ወለደች። አዋላጇ እታገኝ ነበረች፤ ደም በፈሰሰ ቁጥር አለቀች ደቀቀች እያለች በልቧ ስታለቅስ፣ ልጅቷ ግን እየጮኸች በሰላም ወጣች። እንደወጣችም አባት ስም እንዲያወጣላት ኤልፍነሽ ዋለልኝን ጣራ ላይ ላከችው። ዋለልኝ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆየና ባዶ አፉን ሊመለስ ሲል ጋሽ ወልደገብርኤል በጆሮው ሹክ አሉት። «ዓለምሸት በላት ብሏል» ብሎ ገባ።

«ዓለምሸት» አለች ኤልፍነሽ ልጇን እያየች። «እንዴት እንዲህ ዓይነት ስም አሰበ? የድሮ ሰው ሆነብኝ እኮ!»

በማግስቱ እታገኝ ሽማግሌውን ጥግ ያዘቻቸው። «ወለደች። ብለው ነበር።»

«አራስ ናት» አሉ። «ዛሬ ብትነግሪያት ወተቷ ነገ ይደርቃል። ጣሳ ወተት የት አለሽ? ልጅቱ ክርስትና ትነሳ፤ ያን ጊዜ እነግራታለሁ።»

የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው፤ ቄስም የለ። እታገኝ ግን የኤልፍነሽን ጡት አየች፣ የሕፃኗን ጉሮሮ አየች፣ አሁንም ተሸነፈች። ለዚህ ደግሞ ምክንያቱ እውነት ነበር። ከዚያ ጡት ውጭ ለሕፃኗ የሚሆን ምግብ በሕንፃው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ዋለልኝ ያለው ደረሰ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እነዚያም መቅለጥ ጀመሩ። ከባልኮኒው ሆነው አዩአቸው። ፀሐይ የመታቸው ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ጉልበታቸው ይከዳል፤ የወደቀው ሲነሳ እጁ መሬት ላይ ይቀራል። ከሐይቁ የመጡ ነጫጭ ወፎች ከሕንፃው ፊት ያለውን የሱቆች ፕላዛ ሞሉት። ሽታው አፍ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሆኖም በዚያ ሽታ ውስጥ ዋለልኝ እንደ ልጅ ይዘል ነበር። «አላልኳችሁም? ቲማቲም!» እታገኝ እንኳ ሳቀች። ሶፋውን ከደረጃው በር ላይ ገፋ አደረጉት፤ ዋለልኝ ምግብ ሊፈልግ በየፎቁ ሲወጣና ሲወርድ በየጊዜው ማንሳቱ ስለሰለቻቸው ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም አብረው እንዲወጡ ተስማሙ። ከሕንፃው ከወጡ ግን ኤልፍነሽ ወደ መጋዘኑ እንሂድ ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ጋሽ ወልደገብርኤል ክርስትናውን መጠበቁ ቀርቶ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚነግሯት ቃል ገቡ።

ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቅ ስትል፣ ኤልፍነሽ ልጇን ዘይት ቀብታ ባልኮኒው ላይ ፀሐይ ታሞቃት ጀመር። ዋለልኝ በሌላኛው ደረጃ ወደ ላይኞቹ ፎቆች ወጥቷል። እታገኝ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ጨርቆች ታጥባለች። ሕፃኗ ዘይቱን ጠልታ ትጮኻለች፤ ድምጿ በዚያ ጸጥ ባለ ሰፈር ከሕንፃ ሕንፃ ይመላለሳል።

«እትዬ! እትዬ ነይ! መጣ!» ብላ ጮኸች ኤልፍነሽ።

እታገኝ ማን እንደመጣ አልጠየቀችም። እጇን ሳትጠርግ ሮጣ ወጣች። ከምድር ቤቱ ፓርኪንግ አፍ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው እየተንገዳገደ ብርሃን ላይ ወጥቶ ነበር። በረዶውም ፀሐዩም ሳይነካው ከርሟል። ወደ ሕፃኗ ጩኸት ቀና አለ። ከዘጠነኛ ፎቅ ፊት አይለይም።

«አየኝ! አየን እኮ! ሃብቴ!» ኤልፍነሽ ሕፃኗን በሁለት እጇ ወደ ላይ ከፍ አደረገቻት።

«ግቢ። ኤልፍነሽ ግቢ። እሱ አይደለም።»

«ባሌን አላውቀውም?»

«ስሚኝ። ሃብታሙ ሞቷል። ገና ያኔ፣ በገና ሰሞን ነው የሞተው። ዋለልኝ አይቶታል።»

ኤልፍነሽ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። «ባለፈው ሳምንት ደወለ አላላችሁኝም?»

«ዋሸንሽ።»

«ለምን?»

«እርጉዝ ነበርሽ። ከዚያ ደግሞ አራስ ሆንሽ።»

ኤልፍነሽ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ለወራት ያልነበረ ነገር ገባ። «አሁን ነው የምትዋሺኝ» አለች ቀስ ብላ። «በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ አለ፤ ቀለጠ፤ መጣ። ምግቡ እንዳያንሳችሁ ነው? አንድ ሰው ቢጨመር ምን ትሆናላችሁ?»

ጋሽ ወልደገብርኤል ከፍራሻቸው ላይ ለመነሳት እየታገሉ፣ «ልጄ፣ እውነቷን ነው! ቅዳሜ ልነግርሽ ነበር!» ብለው ጮኹ።

«ቅዳሜ!» አለች ኤልፍነሽ። ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ በሩ ሄደች።

እታገኝ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ጉልበት እንደማያዋጣት አወቀች፤ ኤልፍነሽ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እውነቱ ደግሞ እንደ ውሸት ተቆጥሮባታል። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሲያደርጉት የከረሙት ነገር።

«እሺ» አለች። «እሱ ነው። ይቅር በይኝ፣ ፈርቼ ነው። ግን ዋለልኝ ይመለስና አብሮሽ ይውረድ።»

«ሦስት ወር ጠበቅሁት። ከዚህ በላይ አልጠብቅም።»

«እንግዲያው ልጅቷን ለእኔ ስጪኝ። ደረጃው ጨለማ ነው፤ ብትወድቂባትስ? ይዘሽው ነይ። እዚህ ሆና አባቷን ትጠብቀው።»

የኤልፍነሽ ፊት ተፈታ። ያ ካልሲ የደረበች ቀን የበራው ፊቷ ተመልሶ መጣ። ልጇን ሳመችና ለእታገኝ አቀበለቻት። «ፊቷን ጥረጊልኝ፤ ዘይት በዘይት ሆናለች» አለች። በመስኮቱ መስታወት ፀጉሯን አየት አድርጋ በእጇ ደባበሰችው። ሶፋውን በጎን አልፋ ወረደች።

እታገኝ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመች። ነጠላ ጫማው ጠፍ ጠፍ እያለ ሲርቅ ሰማች። መጥራት ትችል ነበር። ከተጣራች ታች ያለው ይሰማል፤ ከኋላዋ ቲጂ ቆማለች። የታችኛው በር ብረት ሲነሳ ተሰማ፤ ከዚያ የኤልፍነሽ ድምፅ፣ እንደ ሙሽራ ድምፅ፦

«ሃብቴ?»

ከዚያ የሰማችውን እታገኝ በሕይወቷ ለማንም አልተናገረችም።

«ቲጂ፣ ሶፋውን ግፊ! ግፊ ማሚዬ!» ሁለቱም ገፉት። ፍሪጁንም አስጠጉት።

ጠፍ ጠፍ የሚለው እርምጃ ተመልሶ መጣ፤ አንዱ ጫማ ወድቆ ድምፁ በአንድ እግር ብቻ ነበር። ሽቦ በተሸመነበት በበሩ ትንሽ መስታወት የኤልፍነሽ ፊት ታየ። አንገቷን በእጇ ይዛለች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል።

«እትዬ፣ ክፈቺልኝ። እግሩ ደረጃው ላይ ተሰብሮ ቀርቷል፤ አልተከተለኝም። ክፈቺልኝ።»

እታገኝ አልከፈተችም። እንባዋ እየወረደ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ኤልፍነሽ ገባት። ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ከመስታወቱ ጠፋች፤ ድምጿ ብቻ ከበሩ ስር መጣ። ስትናገር አንቱታው ተመልሶ ነበር።

«ሞተ ያሉኝ መቼ ነው?»

«በገና ማግስት።»

«ማን አየው?»

«ዋለልኝ። መኪናውን አቁሞ፣ እቤቱ ሊገባ ሲል ነው።»

«ስልኩስ?»

«ስልክ አልነበረም።»

«ካልሲ ደርቢ ያለኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሟንስ?»

«ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው።»

ኤልፍነሽ ልክ እንደማንኛውም መርዶ እንደሰማች ሚስት፣ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ጀመር። ሃብቴ፣ ሃብቴ፣ መጋዘን ውስጥ ሳስብህ አንተ እግሬ ስር ኖረሃል ለካ። እንደ ደንቡ ቢሆን በግራና በቀኝ የሚይዟት ሴቶች ነበሩ። እታገኝ ከበሩ ወዲህ በጉልበቷ ተንበርክካ አብራት አለቀሰች፤ ከብረቱ በቀር የምትይዘው አልነበራትም። ጋሽ ወልደገብርኤልም ከሳሎን በዳዴ መጥተው ግድግዳ ተደግፈው አነቡ፤ ስንቱን መርዶ የተናገረ አፋቸው አንድ ቃል አላወጣም።

«ጡቴ ሞልቷል» አለች ኤልፍነሽ በመጨረሻ፣ ድምጿ እየደከመ። «የምትጠባበት ሰዓት ነው። ብርጭቆ ስጡኝ፣ አልቤ ልስጥዎ። ትንሽ ብቻ በሩን ገርበብ ያድርጉልኝ።»

እታገኝ ሕፃኗን አየቻት። ንክሻው ወተት ውስጥ ይገባ እንደሆነ፣ በሩ ሲከፈት ኤልፍነሽ ገና ኤልፍነሽ ትሆን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሁሌም እንደምታደርገው የከፋውን አሰበች።

«አልችልም የኔ ልጅ። አልችልም።»

ኤልፍነሽ አልተቆጣችም። «እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልተሰማም።

ዋለልኝ በሌላኛው ደረጃ ሲመለስ ሁሉም እዚያው በሩ ስር ተቀምጠው አገኛቸው። የያዘው ከረጢት ከእጁ ወደቀ፤ አንድ የአጃ ፓኬትና ግማሽ ስኳር ነበሩበት። በመስታወቱ አየ። ወዲያው ፊቱን መለሰ።

«ይህ ደረጃ ከታች ተከፍቷል ማለት ነው» አለ። «ከፓርኪንጉ ሌሎችም እየወጡ ነው፤ ከላይ በመስኮት አየኋቸው። ጥላ ውስጥ የከረሙት። አሁን መውጣት የለም።»

«ስንት ጊዜ ነው?» አለች እታገኝ።

«ምኑ?»

«እሷ። እስክትወድቅ።»

ዋለልኝ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አነሳ። «አልቀዘቀዘችም» አለ። «የክረምቱ ስሌት ለእሷ አይሠራም። ሙቀት ሲመጣ ቶሎ ይሆናል… ምናልባት ሰኔ። አላውቅም እትዬ። መቀመጥ ብቻ ነው።»

ከበሩ ማዶ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ነጠላ ጫማ አይደለም፤ መዳፍ ነው፣ ብረቱን የሚዳብስ።

ሕፃኗ ርቧት ማልቀስ ጀመረች። ባለቀሰች ቁጥር መዳፉ በሩን ይመታል፤ ዝም ስትል ዝም ይላል። ቲጂ ጆሮዋን ይዛ ጥግ ገባች። እታገኝ ጥቂት አጃ በበረዶ ውሃ አፍልታ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ስኳር ጨመረችበት። ጎንበስ ብላ በማንኪያ እፍ እፍ አለችና የዓለምሸት ከንፈር ላይ አደረገችላት። ሕፃኗ ቀመሰችው። ተፋችውና ጮኸች። በሩ ተመታ።

እታገኝ ማንኪያውን እንደገና ሞላች።